እረኛዋ የየት ሀገር ልጅ ናት? ስለ ጥንታዊ የፈረንሳይ የግድግዳ ሽመና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሚኖሩት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለብዙ ጊዜ ሲንከባከቧቸው የነበሩ አንዲት አዛውንት ሲያርፉ፣ ልጆቻቸው ሳሎን ተሰቅሎ የኖረውን ትልቅ የግድግዳ ሽመና ሰጧቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል። አንድ ወጣት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋሽንት ይነፋል። ባዶ እግሯን የሆነች እረኛ ጠቦት ታቅፋ ታዳምጠዋለች። አጠገባቸው የአበባ ቅርጫት አለ፤ ከበስተኋላ የፈራረሰ ድልድይ ይታያል። ዙሪያውን ጠባብ ሰማያዊ ጠርዝ ይዞረዋል። ፊርማም ጽሑፍም የለበትም። ልጆቹ “ጎብለን ነው፣ የሉዊ 15ኛ ዘመን ነው” ብለዋቸዋል። “እውነት ነው ወይ? የትስ ነው የተሠራው? አቧራ ጠጥቷልና ባጥበው ምን ይላሉ?” ሲሉ ይጠይቃሉ። የፊቱን፣ የጀርባውን ጥግና “ተቀዷል” ያሉትን አንድ ቦታ ፎቶ አንስተው ልከዋል።

በቅድሚያ ደስ የሚለውን ልንገርዎት። የእጅ ሥራ ነው። ጎብለን፣ ማለትም የፓሪሱ የንጉሥ ሽመና ቤት ሥራ፣ ግን አይደለም፤ የሉዊ 15ኛን ዘመን፣ 18ኛውን ክፍለ ዘመንም አላየም። በእኔ ግምት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ መካከለኛው ፈረንሳይ ባለችው ኦቡሶን ከተማ የተሠራ ነው። እዚህ ግምት ላይ እንዴት እንደደረስኩ ዘርዘር አድርጌ እነግርዎታለሁ። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢልዎት ራስዎ አይተው ይፈርዳሉ።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። እረኛ አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ጠቦት አለ፤ “በቃ ይሄ የቡሼ ነው” ይባላል፤ ቡሼ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው። ሥዕሉ ግን አስተማማኝ ምስክር አይደለም። ያንኑ ሥዕል ፓሪስም፣ ገጠርም፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ደጋግመው ሸምነውታል። የተሠራበትን ቦታ የሚናገረው ድርና ማጉ ነው።

ሥዕሉ እንዴት እንዲህ እንደተሰራጨ ባጭሩ ላስረዳ። በግድግዳ ሽመና ላይ የእረኞችን ፍቅር ማሳየት የተጀመረው በቡሼ አይደለም። ከእሱ በፊት “ጎምቦና ማሴ” የሚባሉ ሁለት የገጠር ፍቅረኞች ነበሩ። ከልጅነት ጨዋታቸው እስከ ሞታቸው ድረስ በተከታታይ ይሸመኑ ነበር፤ ከሥዕሉ ጋር ግጥምም ይጻፍ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ይህ ሥራ ፋሽኑ አልፎበት ነበር። ፈረንሳዊው የቲያትር ደራሲ ሞልዬር በ1668 መድረክ ላይ ባወጣው ኮሜዲ ውስጥ አንድ አራጣ አበዳሪ አለ። ለተበዳሪው ሙሉውን ገንዘብ አይሰጠውም፤ በከፊሉ ፋንታ አሮጌ ዕቃ ያሸክመዋል። ከአሮጌው ዕቃ መሃል አንዱ የጎምቦና ማሴ የግድግዳ ሽመና ነው። ተመልካቹ ይስቅ የነበረው እያንዳንዱ ሰው አክስቱ ቤት አንድ ተሰቅሎ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ከዚያ ፍራንስዋ ቡሼ መጣ። ከ1736 ጀምሮ ቦቬ ከተማ ለነበረው የሽመና ቤት ንድፍ ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያው ተከታታይ ሥራው የኢጣሊያን የገጠር ፈንጠዝያ የሚያሳይ ነው። መዳፍ አንባቢ ጠንቋይ፣ ዓሣ አጥማጅ ወጣት፣ አትክልተኛ፣ አዳኞች፣ ሣር ላይ ምሳ የሚበሉ ሰዎች፣ ጭፈራ፣ በየቦታው የፈራረሰ የሮማ ሕንጻ። በ1755 ደግሞ “ኖብል ፓስቶራል” የሚባለውን ሠራ። እዚያ ያሉት እረኞች ከቀደሙት የበለጠ የተዋቡ፣ የበለጠ የተሞላቀቁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ እረኛ እናውቃለን። ከልጅነቱ በግ የጠበቀ ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር ይከብደዋል። ሐር ቀሚስ ለብሳ በግ የምትጠብቅ ማን ናት? እግሯ ባዶ ነው፤ ግን እሾህ አይቶ አያውቅም። ጠቦቱም የታጠበ ነው። ቡሼም ደንበኞቹም ይህን ያውቁ ነበር። የሚፈልጉት ገጠሩን አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት ሥርዓትና ወግ የሚያርፉበት ሕልም ነበር። ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከ1783 ጀምሮ ቬርሳይ ግቢ ውስጥ የጨዋታ መንደር ያሠራችው በዚሁ ስሜት ነው። አንድ ነገር ግን ልክ ነው፤ እረኛና ዋሽንት እዚያም አይለያዩም።

የቡሼ ሥዕሎች በኅትመት ተባዝተው በየገበያው ይሸጡ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው የዣን ባፕቲስት ኡዌ ሥዕልም እንዲሁ። ኡዌ በ1780 አካባቢ ለቦቬ ሰማያዊ መጋረጃ ያላቸው የእረኞች ተከታታይ ሠርቷል። አንድ የክፍለ ሀገር ሸማኔ አንድ የታተመ ወረቀት ገዝቶ፣ እረኛዋን ከአንዱ፣ ድልድዩን ከሌላው ወስዶ፣ በልኩ አስፍቶ ይሸምናል። የከለከለው የለም። ስለዚህ የእርስዎ እረኛ “የቡሼ ትመስላለች” ከተባለ ልክ ነው። ያ ግን የት እንደተሸመነች አይነግረንም።

አሁን ወደ ሽመና ቤቶቹ እንምጣ።

ጎብለን ፓሪስ ነው። ስሙ የመጣው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብዬቭር ወንዝ ዳር ክር ሲነክር ከነበረ ቤተሰብ ነው። በ1662 የንጉሡ ሚኒስትር ኮልቤር ቦታውን ለሉዊ 14ኛ ገዛው፤ ሠዓሊው ሻርል ለብረን ኃላፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይሠራ የነበረው በዋናነት ለንጉሡ ነው፤ ለቤተ መንግሥትና ለውጭ መንግሥታት ስጦታ። የንጉሡ ታሪክ፣ የታላቁ እስክንድር ጦርነቶች፣ ግዙፍ ግዙፍ ነገር። ጦርነት ግምጃ ቤቱን ባራቆተበት በ1694 ተዘግቶ በ1699 ተከፍቷል። ጎብለን የቡሼን ሥራ አልሸመነም ማለት ግን አይደለም። ቡሼ በ1755 ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ኒውዮርክ የመሄድ ዕድል ካገኙ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ክሩም ኮርት ከሚባል የእንግሊዝ መኖሪያ የመጣ አንድ ሙሉ ክፍል አለ። ግድግዳውም ወንበሩም በጎብለን ሽመና የተሸፈነ ነው፤ የቡሼ ሥዕሎች በክብ በክብ ፍሬም ውስጥ ተሸምነውበታል። እሱን አይተው የእርስዎን ሲያዩ ልዩነቱን ማንም ሳያስረዳዎት ያውቁታል። ዛሬ ሻጩ ሁሉ የግድግዳ ሽመናን በጅምላ ጎብለን ይላል፤ አይፍረዱባቸው፣ ግን አይመኗቸው።

ቦቬ የተመሠረተው በ1664 ነው። ከንጉሡ ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ግን የግል ንግድ ነበር፤ ለከፈለ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ከስሯል። የቀናው ሠዓሊው ዣን ባፕቲስት ኡድሪ በ1726 ከገባ በኋላ ነው። ኡድሪ በ1734 ከኒኮላ ቤስኒዬ ጋር ኃላፊነቱን ያዘ፤ ቡሼንም ያስገባው እሱ ነው። የቦቬ ሥራ ቀጭን ነው፤ ድሩ የተጠጋጋ፣ ሐሩ ብዙ። ፊርማ ካለው ታችኛው ጠርዝ ላይ የኃላፊውን ስም ወይም ምህጻር ያገኛሉ። ለምሳሌ ሻሮን የሚባለው ኃላፊ “ኤ ሴ ሴ ቦቬ” ብሎ በላቲን ፊደል ያስፈርም ነበር።

ስለ ኡድሪ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሸማኔው የሠዓሊውን ቀለም ጥላ በጥላ እንዲገለብጥ ይጫን ነበር። በጎብለንም ተቆጣጣሪ በነበረበት ጊዜ በዚህ ጉዳይ ከሽመና ኃላፊዎቹ ጋር ተጣልቷል። ሸማኔዎቹ ጥቂት ጠንካራ ቀለም፣ ግልጽ መስመር ይፈልጉ ነበር። እኔ ከሸማኔዎቹ ጋር ነኝ። ለስላሳዎቹ ቀለሞች ብርሃን በልቷቸው፣ ያኔ የነበረው የጉንጭ ቅላት ዛሬ ነጭ ሆኗል።

ኦቡሶንና ጎረቤቷ ፌልቴን ሌላ ዓለም ናቸው። ክረዝ በምትባል ወንዝ ዳር ያሉ፣ አፈሩ ድሃ የሆነ፣ ክረምቱ የሚከብድ አገር ነው። ኦቡሶን በ1665 “የንጉሥ ሽመና ቤት” የሚል ማዕረግ ብታገኝም አንድ ትልቅ ግቢ አልነበራትም። ሽመናው በየቤቱ ነው። አባት፣ ልጅ፣ አንድ ሁለት ተለማማጅ፣ የሽመናው ዕቃ መስኮት ሥር። ሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንት ነበሩ። በ1685 ሉዊ 14ኛ የእምነት ነፃነታቸውን ሲሽር ብዙ ሰው ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ተሰደደ። ከተማዋ ከዚያ ለማገገም ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል። በ1731 መንግሥት ዣን ዦዜፍ ዱሞን የተባለ ሠዓሊ መደበላቸው፤ የተሻለ ንድፍ መጣ፤ ማቅለሙም ተሻሻለ።

በ1732 ደግሞ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም ደንብ ወጣ። የኦቡሶን ሥራ ዙሪያው ሰማያዊ ጠርዝ ይኑረው፣ የፌልቴን ቡናማ፤ የከተማው ስምና የሸማኔው ስም ወይም ምልክት ጠርዙ ላይ ይሸመን ተባለ። ደንበኞቻቸው የክፍለ ሀገር መኳንንት፣ ጠበቆች፣ ነጋዴዎች ነበሩ። ሥራው ከቦቬ ወፈር ይላል፤ ሐሩ ጥቂት ነው፤ ጥላው በሰፋፊ ጭረት ይሠራል። ዋጋውም ይቀላል። ዛሬ በሰው ቤት የምናያቸው የእረኞች ሽመናዎች አብዛኞቹ የእነዚህ የሁለቱ ከተሞች ናቸው። የእርስዎን ሰማያዊ ጠርዝ ሳይ ኦቡሶንን ያሰብኩት ለዚህ ነው። ጠርዝ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። ጠርዝ ያልቃል፣ ይቀየራል፤ በኋላ ዘመን የተሠሩትም ወጉን ጠብቀው ሰማያዊ ያደርጋሉ።

አሁን ጨርቁን እናንብብ። ድር የሚወጠረው፣ ማግ የሚመላለሰው ክር ነው። ሸማ ሲሸመን መወርወሪያው ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ግን ማግ ከጫፍ ጫፍ አይሄድም። ሸማኔው ሮዙን ክር ሮዙ እስኪያልቅ ብቻ አመላልሶ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎ ያለውን ቀለም በሌላ ክር ይቀጥላል። ማጉ ተጠቅጥቆ ድሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ስለዚህ የምናየው ቀለም ሁሉ የማግ ነው። ድሩ የሚታወቀው እንደ ትንንሽ ፈትል ጎልቶ ነው። በኦቡሶንና በቦቬ ሸማኔው የሚሠራው በጀርባው በኩል ነው። ሙሉ ልኩን የጠበቀው ንድፍ ከድሩ ሥር ይቀመጣል፤ ፊቱን ሳያይ ይሸምነዋል። ሲጨርስና ሲገለበጥ ሥዕሉ ከንድፉ አንጻር ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይወጣል። ሥዕሉም በጎኑ ነው የሚሸመነው። ለዚህ ነው ሽመናው ሲሰቀል ድሩ አግድም የሚሆነው።

የእርስዎን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው። ጉልሁ መስመር አግድም ይሄዳል። ጀርባው ላይ የክር ጫፎች ተንጠልጥለዋል፤ ሥዕሉም እንደ መስታወት ተገልብጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዣካር በሚባለው የሽመና ማሽን የተሠራ ቢሆን ኖሮ ጀርባው ላይ ቀለሞቹ ከዳር እስከ ዳር በተሰደሩ ሰንበሮች ይሄዱ ነበር፤ እረኛዋንም ከጀርባ አናገኛትም ነበር። የማሽን ቅጂዎች በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂየም በገፍ ተሠርተዋል፤ ገበያው ላይ ከእውነተኛው ይበዛሉ። ሥዕሉን በቀለም ብቻ ጨርቅ ላይ የሳሉትም አለ። የእርስዎ ከሁለቱም አይደለም።

ቀጥሎ ማስመሪያ አስጠግተው ያነሱትን አየሁ። በ1 ሳንቲሜትር ውስጥ 5 ድር ቆጠርኩ። ይህ የኦቡሶን ልክ ነው፤ ጎብለንም ቦቬም ከዚህ ይጠጋጋሉ። በጣም የረዳኝ ግን ጥጉ ላይ የተገለጠው ድር ነው። ነጭ፣ ልሙጥ፣ የጥጥ ክር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድሩ በአብዛኛው ሱፍ ነው፤ አንዳንዴ የተልባ ክር። ጥጥ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚያ ቀለሙ። የጥንቶቹ ሰማያዊን ከፓስቴል ቅጠልና ከኢንዲጎ፣ ቀይን ጋራንስ ከሚባል ተክል ሥርና ኮሺኒል ከምትባል ነፍሳት፣ ቢጫን ጎድ ከሚባል ተክል ያወጡ ነበር። አረንጓዴ የሚባል ራሱን የቻለ ማቅለሚያ አልነበራቸውም፤ ሰማያዊና ቢጫ ደራርበው ነው የሚያገኙት። ቢጫው በብርሃን ቶሎ ይለቃል፤ ሰማያዊው ይቀራል። የብዙ አሮጌ ሽመናዎች ዛፍ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ምክንያት እንጂ ሠዓሊው አብዶ አይደለም። የእርስዎ ዛፎች ግን አሁንም አረንጓዴ ናቸው። የእረኛዋ ቀሚስ ደግሞ ፊቱ አመድማ ሆኖ ጀርባው ደማቅ ሐምራዊ ነው። እንዲህ ያለ ሐምራዊ ስመለከት ወዲያው 1856 ትዝ ይለኛል። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከሱ ቀጥለው የመጡት ቀለሞች ሲታዩ ያፈዝዙ ነበር፤ ብርሃን ግን አይችሉም። ከጥጡ ድር ጋር ሲደመር ነገሩ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይወስደናል።

ዘመኑም ይገጥማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የነበረው የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት እቴጌ ኡዤኒ የማሪ አንቷኔት ነገር ነፍሷ ነበር። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣዕም እንደገና ፋሽን ሆነ። ኦቡሶን ውስጥ ብራክኒዬ፣ አሞ፣ ሳላንድሩዝ የመሳሰሉ ድርጅቶች የድሮዎቹን እረኞች እንደ አዲስ ለባለጸጋ ቤቶች ያሸምኑ ጀመር። ባለጸጋ አሜሪካውያንም ይገዟቸው ነበር። የአዛውንቷ ቤተሰብ ያገኘው እንዲህ ካለ መንገድ ሊሆን ይችላል።

“ታዲያ ኮፒ ነው ማለት ነው?” ብለው ቅር ሊልዎት ይችላል። እኔ ኮፒ አልለውም። በዚህ ሥራ አንድ ንድፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ አያውቅም፤ የቡሼን ንድፎች ቦቬ ራሱ ደጋግሞ ሸምኗቸዋል። የእርስዎንም የሠራው በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ የሠለጠነ እጅ ነው። አንድ ሸማኔ በወር የሚጨርሰው አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። የእርስዎ ከአራት ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ ያስቡት። የኦቡሶን ሽመና በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ሥራው ዛሬም አልተቋረጠም።

ዋጋውን አልገምትም፤ በፎቶ ዋጋ የሚናገር ሰው ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦቬ በእጅጉ ያንሳል። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ግምትና ጨረታ ላይ የሚያገኙት ገንዘብም አንድ አይደሉም። ለማስገመት ከፈለጉ ራሱ የማይገዛ ሰው ይምረጡ።

ስለ ማጠብ፦ በፍጹም እንዳያጥቡት። ላውንደሪም አይስጡት። ያ ሐምራዊ ቀለም ውሃ ሲነካው ጠቦቱ ላይ ይፈሳል። ሱፉ ይሰበሰባል፤ የጥጡ ድር ሌላ ልክ ይዞ ይቀራል፤ ሽመናው ይጨማደዳል። የሚያጥቡት ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ያላቸው ናቸው። ቤልጂየም ሜኸለን ከተማ ያለው ደ ዊት የሚባለው ቤት ሽመናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ውሃውን ከላይ እንደ ጉም እየነፋ ከሥር አየር ይስባል፤ ውሃው ጨርቁ ውስጥ አይቆይም። እርስዎ አቧራውን ብቻ ያንሱ። የቫኪዩሙን ኃይል ይቀንሱ፤ አፉ ላይ ስስ መረብ ይሰሩ፤ ሳይጎትቱ ቀስ እያሉ በፊቱም በጀርባውም ይሂዱበት። ገበሩ ሥር ብል ይኑር አይኑር በባትሪ ይዩ።

ተቀደደ ያሉት ቦታ ግን አልተቀደደም። ሁለት ቀለሞች በድሩ አቅጣጫ ሲገናኙ መሃላቸው ስንጥቅ ይቀራል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በመርፌ ይሰፋል። ሽመናው ሲሰቀል ስንጥቆቹ አግድም ይሆናሉ፤ ክብደቱ ቁልቁል ይጎትታቸዋል። ስፌቱ ሲያረጅ ይበጠሳል፤ አፉን ይከፍታል። የእርስዎ የተከፈተው የዋሽንት ነፊው ክንድ ሥር ነው። ጥሩው ነገር ድሩ አልተበጠሰም። የጨርቅ ጥገና ባለሙያ ቢያገኙ ቀላል ሥራ ነው። ሙጫና በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ ግን አይሞክሩ፤ በኋላ ለመንቀል ከስንጥቁ የባሰ ጣጣ ነው።

እስኪሰፋ ድረስ ከግድግዳው ያውርዱት፤ ተሰቅሎ በቆየ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። አይጠፉት። ወፈር ያለ የካርቶን ቱቦ ላይ ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ አንሶላ ይጠቅልሉ፤ ከዚያ ሽመናውን ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው፣ በድሩ አቅጣጫ ሳያጠብቁ ያንከባሉት፤ ከላይም በአንሶላ ይሸፍኑት። ፕላስቲክ አይጠቀሙ፤ እርጥበት ያፍናል። ተሰፍቶ ሲመለስ ደግሞ ከላይ ጫፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቬልክሮ በጨርቅ ላይ አሰፍተው ይስቀሉት፤ ክብደቱ ለሁሉም ቦታ እኩል ይከፋፈላል። በምስማር ወይም በቀለበት ከተሰቀለ በየነጥቡ ይጎተታል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ፊት ለፊት፣ ከምድጃ በላይና ኩሽና አጠገብ አይሁን። ሙዚየሞች ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ብርሃኑን 50 ሉክስ በሚባል ደብዘዝ ያለ ልክ ላይ ይገድባሉ፤ ሳሎን ውስጥ ይህን ማድረግ ያስቸግራል፣ ቤት ከሌሉ ግን መጋረጃውን ይዝጉት።